የፉፋ ፊት

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ታሪኩን ከመነሻው የያዛችሁ ይህን ታውቃላችሁ። ዛሬ የደረሳችሁም አልዘገያችሁም፤ ያለፈውን በአጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ከባዱ ገና ከፊታችን ነው።

ዘመኑ 1958 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ፣ ከተማው ነቀምት ነው። ለጋብቻ ጠያቂው ቀነዓ ተረፋ ይባላል፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ቪየና አምስት ዓመት ተምሮ የተመለሰ፣ አዲስ አበባ ሥዕል የሚያስተምር፣ በየሳምንቱ በጋዜጣ የሥዕል ሒስ የሚጽፍ ሰው ነው። ሠዓሊዎች ጋዜጣው ሲወጣ ስማቸው ይኖርበት እንደሆነ እያዩ ነው ቁርሳቸውን የሚበሉት። ነቀምት ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ክብር አብሮት ከአውቶቡስ አይወርድም። ነቀምት ላይ ቀነዓ የተረፋ ልጅ ነው፤ ተረፋ ደግሞ ቀጥቃጭ ነው፣ አገሬው በቋንቋው ቱምቱ የሚለው። ማጭዱንና ማረሻውን የማይገዛው የለም፤ እጁን የሚጨብጠው ግን ጥቂት ነው። ባላባት ቤት ሲሄድ ደጅ ቆሞ ተነጋግሮ ይመለሳል እንጂ ከጣራ ሥር አይገባም።

የተጠየቀችው ድርቤ ናት። ከጉቴ ጀምሮ እስከ አርጆ መንገድ መሬት ያላቸው የወይዘሮ ዓባይነሽ ልጅ፣ የሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ። ለዚያ ዘመን ይህ ዕድሜ ጎረቤት የሚያንሾካሹክበት ነው። አራት ባለመሬትና አንድ የአውራጃ ጸሐፊ ጠይቀዋት «አይሆንም» ብላለች። ምክንያቱን የሚያውቀው ነጋዴው ረዲ ብቻ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የሁለቱ ደብዳቤ የሚመጣውም የሚሄደውም በእሱ የፖስታ ሣጥን ነው። ቀነዓ ከቪየና ስለ ቀለም ስምንት ገጽ ይጽፍላታል። እሷ ደግሞ፣ «ስለዚያ ሰውዬ ሥዕል ይህን ሁሉ አልክ፤ ወደድከው ወይስ አልወደድከውም? ይህን ብቻ ረሳኸው» ብላ ትመልሳለች። ከአዲስ አበባ ሐያሲዎች ሁሉ እሱ የሚፈራው ይህችን አንዷን ነበር።

በወለጋ ልማድ ሽማግሌ ማለዳ ይመጣል፣ እርጥብ ሣር በእጁ ይይዛል፣ ተቀመጡ እስኪባል ቆሞ ይጠብቃል። አንደኛው ቀን ይመለሳል፣ ሁለተኛውም ቀን ይመለሳል፣ ቁርጡ የሚነገረው በሦስተኛው ነው። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌ ሆነው የተላኩት ረዲና የትምህርት ቤቱ ሰው መምህር ዋጋሪ ዝናብ ባረጠበው የወይዘሮ ዓባይነሽ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ቀነዓ ከአጥሩ ውጭ ነው።

«አዴ ዓባይነሽ፣» አሉ መምህር ዋጋሪ፣ በአገሩ ቋንቋ እናቴ እንደ ማለት፣ «ልጁ የተማረ ነው። ጃንሆይ ፊት ቆሞ የተሸለመ ነው።»

«መሸለሙን ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ። «አባቱ ማን እንደሆነም ሰምቻለሁ። ሽልማቱ ይህን ይሽረዋል?»

ረዲ ግን ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«እመቤቴ፣ ለአንድ ነገር ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነፍሱን ይማረውና፣ ፉፋ ከማን ጋር ነበር የሚበላው?»

ፉፋ የድርቤ ታላቅ ወንድም፣ የቀነዓም የልጅነት ማዕድ ተጋሪ ነው። በ1943 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመተ፤ በዓመቱ በተዘጋ ሣጥን ተመልሶ አዲስ አበባ ተቀበረ። እናቱ ያዩት እንጨት ብቻ ነው። ከጓዶቹ ጋር የተነሣው አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ እሱም ቢሆን የብረት ቆቡ ጥላ ፊቱን ሸፍኖታል። ቤት ውስጥ የቀረው አንድ ሥዕል ነው። ከመዝመቱ በፊት፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር፣ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ቀነዓ የሣለው።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ወደ አጥሩ በር ተመለከቱ።

«ልጁ የት ነው?»

«ከበር ውጭ ቆሟል።»

«ይግባ።»

ቀነዓ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ቤት ደፍ ተሻገረ። ግድግዳው ላይ ፉፋ በወታደር ልብስ ተቀምጧል። ጣራው አፍስሶ የግራ ጉንጩ ተልጦ ረግፏል፣ ከአገጩ ሥር ሻጋታ ገብቷል። ወይዘሮ ዓባይነሽ ሥዕሉን በሁለት እጃቸው አወረዱት።

«ጠዋት ጠዋት 'አካም ቡልቴ፣ ፉፋ ኮ' እለዋለሁ» አሉ። «እንዴት አደርክ ልጄ እላለሁ፣ ቀኔን እጀምራለሁ። ዘንድሮ ግን ፊቱ እየሄደብኝ ነው። አንተ ነህ የሠራኸው፣ አንተ አድነው። የወንድ ልጄን ፊት መልስልኝ፤ የሴት ልጄን ነገር ያን ጊዜ እሰማለሁ። ሽማግሌ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ፣ አባትህም ይምጣ። ገብቶ ይቀመጥ።»

ድርቤ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሥዕሉ ከእናቷ እጅ ወደ ቀነዓ እጅ ሲያልፍ ዓይኖቻቸው ተገናኙ። ስድስት ዓመት በወረቀት የተነጋገሩ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ቶሎ አቀረቀረች፤ እሱም ሥዕሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ሁለቱም በዚያች ደቂቃ የልባቸው ምኞት ሁሉ የሞላ መስሏቸው ነበር።

* * *

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷልና መምህር ዋጋሪ አንድ ክፍል ሰጡት። ዴስኮቹን ወደ ጥግ ገፋ፣ አራቱን ገጥሞ ጠረጴዛ አደረገ፣ ፉፋን በጀርባው አስተኛው።

እስቲ ስለዚህ ሰው ሥዕል ትንሽ ላጫውታችሁ፤ አለዚያ የሚሆነው አይገባችሁም። ቀነዓ ሰው አይሥልም። ዛፍም ቤትም አይሥልም። የሚሥለው ረቂቅ ሥዕል የሚባለውን ነው። ሸራውን መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ቀለሙን በእጁም በብረትም ይመታል፣ ይፍቃል፣ እንደገና ይቀባል፤ በመጨረሻ ቁጣው ወይም ኀዘኑ ሸራው ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ሲያሳይ ሰው ስቆበታል። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሆነ ጠይቀውታል። እሱም በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣ ላይ፣ «ፊትን መምሰል ቀላል ነው፤ መስታወትም ይችለዋል» ብሎ ጻፈ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ወጣቶች በየቡና ቤቱ ይደጋግሟት ነበር። እሱም ሲደጋግሟት ይሰማ ነበር፤ ጉዳቱ እዚያ ላይ ነው።

ሥራውን በጀመረበት ቀን ሻጋታውን አኳራጅ በሚባለው የቀለም ማቅጠኛ በተነከረ ጨርቅ ጠረገ። የአኳራጁ ሽታ ክፍሉን ሞላው። በሁለተኛው ቀን የተላጠውን ጉንጭ ሞላ። በሦስተኛው ቀን ራቅ ብሎ ቆሞ አየና ከፋው። አዲስ የሠራው ጉንጭ በሕይወት ያለ ሰው ጉንጭ ነው፤ የቀረው ፊት የሞተ ነው። አፍንጫውን ያኔ ከአንድ ልብስ ሰፊ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ መኮረጁን አስታወሰ። ዓይኖቹም ከዚያው ናቸው። የፉፋ እናት አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው እንዴት አደርክ የሚሉት አንድ የማይታወቅ ፈረንጅ ነው።

እሱ የሚያውቀው ፉፋ ሌላ ነበር። ትምህርት ቤት ቀጥቃጭ ተብሎ ብቻውን የሚቀመጠው ቀነዓ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ምሳ ሳይዝ መጣ። ፉፋ ከቤቱ ያመጣውን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በጣቱ ቆርሶ፣ ልጆች ሁሉ እያዩ፣ አጎረሰው። ከዚያ ያንኑ ጣቱን ላሰው። «ምን አፍጥጣችሁ ታያላችሁ?» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ በዚህ ሥዕል ላይ የለም። ዝግባ በበቀለበት ቁልቁለት ላይ ሲሮጥ የነበረው እግሩ የለም። ኮሪያ የለም፣ ሣጥኑ የለም።

በአራተኛው ቀን መፋቂያውን አነሣ። እሱ ከቪየና ሲመለስ አባቱ ከመኪና ብረት ቀጥቅጦ የሠራለት፣ ሰፊና ስስ ብረት ነው። መጀመሪያ አፍንጫውን ፋቀ። ቀጥሎ አፉን። ዓይኖቹ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «ይቅር በለኝ፣ አንተ አይደለህም» አለው ለሥዕሉ፣ ከዚያም ፋቃቸው።

እዚህ ላይ ልትሰድቡት ትችላላችሁ። እኔም ሰድቤዋለሁ። ግን ክፉ አልነበረም። ለፉፋ እናት ከሁሉም የበለጠውን ሊሰጣቸው ፈለገ፤ የሚያስፈልጋቸውን ደግሞ የሚያውቀው እሱ ራሱ መሰለው። ሐያሲ ሆኖ ብዙ የኖረ ሰው ይህ በሽታ ይይዘዋል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቀይ አፈር አመጣ፣ በተልባ ዘይት ለወሰው፣ ሁለት ቀን ሙሉ በመዳፉ ሠራ። ከታች ጥቁር መጣ፣ ጥቁሩን ሰንጥቆ ቀይ ወጣ፣ ከቀዩ መሐል ቢጫ እንደ ሳቅ ፈነዳ። ሲጨርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ይህን የምለው እያዘንኩ ነው። በዚያች ሰዓት ከነቀምት ሰው ሁሉ ደስተኛው እሱ ነበር።

* * *

በማግሥቱ ዝናቡ ሲያባራ ድርቤ የተማሪዎች መዝገብ ልወስድ ነው ብላ መጣች። መዝገቡ እቤቷ እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። ወደ ክፍሉ አልገባችም፤ ዘበኛው ያያል። በመስኮቱ ብረት ላይ ተደግፋ ከውጭ ቆመች። ቀነዓ ሥዕሉን በአቡጀዲ ሸፍኖታል።

«ሐያሲው እንደምን ሰነበቱ?» አለች እየሳቀች።

«አንቺን ሳላይ ሰነበትኩ። ይህ ይሰነበታል?»

«እጅህን እየው፣ እስከ ክርንህ ጭቃ ነው። ልየው?»

«ከእናትሽ በፊት ማንም አያየውም።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

«ድርቤ፣ በሕይወቴ ሁሉ ሥዕሌን ያየ ሰው አንድ አንቺ ነሽ። ሌላው ጎኑን ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ግን ይህን ለእናትሽ ነው የሠራሁት። እስከ እሑድ ታገሺኝ።»

ጉንጯ ላይ የዝናብ ጠብታ ነበር፤ ሊጠርግላት ፈልጎ ብረቱን አሰበ፣ ዘበኛውን አሰበ፣ ተወው።

«ቢያንስ አንድ ነገር ንገረኝ» አለች። «እሱን መሰለ?»

ቀነዓ ወደ ተሸፈነው ሥዕል ዞሮ አየ። አልዋሻትም፤ ያመነውን ነው የተናገረው።

«እሱን ራሱን ሆነ። ከመቼውም ይበልጥ።»

ድርቤ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኖቿ ወዲያው ሞሉ።

«እማዬ ይህን ብትሰማ! ትናንት ምን እንዳለች ታውቃለህ? 'የግራ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ነበረው፣ ቀነዓ ያስታውሰው ይሆን?' አለችኝ። ከዚያ ሥዕሉ የሚሰቀልበትን ግድግዳ በነጭ ኖራ አስቀባችው። አክስቶቼን ከአርጆ አስጠርታለች። ሰንጋ ይታረዳል ትላለች። ቀነዓ፣ እናቴ ሰንጋ የምታርደው ላንተ አይምሰልህ፣ ለእሱ ነው። ልጄ ሊመጣ ነው እያለች ነው።»

ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። «ድርቤ» አለ፤ እውነቱ እስከ አንደበቱ ጫፍ መጣለት። ኖራ የተቀባው ግድግዳ ታየው፣ ጠባሳውም ታየው። ጠባሳውን ፈጽሞ ረስቶት ነበር።

«ወይ?»

«ምንም። ልልሽ የፈለግሁት... ስታዪው አትፍሪ።»

«ወንድሜን ነው የምፈራው?» ብላ ሳቀች። ጣቷን በብረቱ መሐል አሾልካ የእጁን ጀርባ ነካችው። የእሱ እጅ በቀዩ አፈር እንደ ቆሸሸ ነበርና የእሷም ጣት ቀይ ሆኖ ተመለሰ፤ በነጠላዋ ሸሸገችው። ስትሄድ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነበር። ቀነዓ ጭንቀቱን ዋጠው። ወይዘሮ ዓባይነሽ ያውቁታል፣ እናቱ ናቸው፣ እናት እንዴት ልጇን አታውቅም አለ። ራሱን እንዲህ ሲያጽናና ልቡ ግን እምቢ አለው፤ ሌሊቱን ሲከብደው አደረ፣ ማግሥቱንም ሲከብደው ዋለ።

* * *

እሑድ ማለዳ ረዲና መምህር ዋጋሪ እርጥብ ሣራቸውን ይዘው ገቡ። ከኋላቸው የቀነዓ አባት አቶ ተረፋ፣ በአገሬው አጠራር ኦቦ ተረፋ፣ መጡ። የረዲን ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ ትከሻው ሰፍቷቸው እጅጌው ጣታቸውን ሸፍኖታል። ደፉ ላይ ሲደርሱ እግራቸው አመነታ። ወይዘሮ ዓባይነሽ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ግቡ ኦቦ ተረፋ፣ ግቡ። ቁጭ በሉ።»

አዛውንቱ ቀጥቃጭ በርጩማው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ቀነዓ የተሸፈነውን ሥዕል ይዞ ከአባቱ አጠገብ ቆመ። ቤቱ ሙሉ ነው፤ አክስቶች፣ ጎረቤት፣ ሁለት የፉፋ አብሮ አደጎች። ድርቤ ከእናቷ አጠገብ ቆማለች። ወይዘሮ ዓባይነሽ እንደ ዓመት በዓል ለብሰዋል።

«እንግዲህ ልጄን አሳየኝ» አሉ።

ቀነዓ ሥዕሉን ኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አቡጀዲውን ሳበ።

አንዲት አክስት አንገቷን ወዲህና ወዲያ አደረገች። ወይዘሮ ዓባይነሽ ፈገግታቸው እንዳለ ነበር፤ ገና አልገባቸውም።

«ጀርባው ነው መሰለኝ» አሉ በለዘበ ድምፅ። «አዙረው ልጄ።»

«ፊቱ ይሄ ነው፣ አዴ።»

«የማን ፊት?»

ቀነዓ አስረዳቸው። አሁንም ድረስ ይህን ስጽፍ ምነው ዝም ባለ እላለሁ። ቀዩ የልጅነቱ አፈር ነው አላቸው፤ ጥቁሩ ጦርነቱ ነው፤ ቢጫው ሳቁ ነው አላቸው። የድሮው ፊት ከቀን መቁጠሪያ የተቀዳ ነበር፣ ውሸት ነበር፣ ይሄ ግን እውነተኛው ፉፋ ነው አለ። ድምፁ በጋዜጣ የሚጽፍበት ድምፅ ሆነ። ወይዘሮ ዓባይነሽ አላቋረጡትም። ባለጌ አልነበሩም፤ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ዓይኖቹ የታሉ?» አሉ ሲጨርስ።

ቀነዓ ቀለም የነካቸውን እጆቹን አየ።

«የድሮው ከሥር አለ? ይህን ብናጥበው ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«በምን አጠፋኸው?»

«በመፋቂያ... በብረት።»

«የምን ብረት?»

ማንም ሳይጠብቅ ኦቦ ተረፋ ከበርጩማቸው ተነሡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ብረቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አዴ» አሉ። «ለዚህ መሆኑን አላወቅሁም። ዋቃ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ አላወቅሁም።»

ውጡ ያላቸው ሰው የለም። ራሳቸው ወጡ። ከአጥሩ ውጭ ሲደርሱ ኮቱን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አጣጥፈው ቆሙ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። መዳፋቸውን ሸራው ላይ አሳርፈው ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት፣ አፍንጫው በነበረበት፣ አፉ በነበረበት። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። እጃቸውን አንሥተው ሲያዩት ቀይ ነው። ያን ጊዜ ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈው ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ፉፋ ኮ!» ብለው ጮኹ። «ፉፋ ኮ! ዛሬ ነው የሞትከው!»

ሴቶቹ ተነሡ። አክስቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ ሰው የተቀመጠበት ቤት ለቅሶ ቤት ሆነ። ረዲ የያዘውን ሣር የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ቀነዓ ዓይኑን ወደ ድርቤ ወረወረ። እሷ አላለቀሰችም። ሥዕሉን ነበር የምታየው፣ ከንፈሯ ተከፍቶ፣ ትንፋሿን ይዛ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሊያውቀው አልቻለም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። ወደ እናቷ ሄዳ ከኋላ አቀፈቻቸው። ቀነዓን እዚያ ቆሞ ያየው ሰው አልነበረም፤ በሕይወቱ እንደዚያ ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

* * *

ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀመጡ። የነቀምት ሰው ለትኩስ ሞት እንደሚመጣ መጣ። ከጉቴም ከአርጆም ሰው መጣ። የሞተው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አይደለም ወይ ያለ ሰው አልነበረም፤ እናቱን ያየ አይጠይቅም። ለቀስተኛው «ዋቃዮ ኢሲን ሐ ጀጀቤሱ» እያለ፣ እግዜር ያጽናችሁ እያለ ይገባል፣ ይወጣል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀነዓ መጣ። አልገባም፤ አባቱ በሚቆሙበት ቦታ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ረዲ ወጥቶ አየው፣ ምንም ሳይል ተመልሶ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ድርቤ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯ ተቆርጧል፤ አንገቷ ቀጥኖ ልጅ መስላለች። ሥዕሉን በዚያው አቡጀዲ ጠቅልላ በክንዷ ይዛለች።

«ድርቤ፣ የምለው የለኝም።»

«አለህ፤ ሁልጊዜ አለህ» አለች። ድምፅዋ ደክሟል። «ዛሬ ግን እኔ ልናገር። አየሁት።»

«ምኑን?»

«ወንድሜን። ጨርቁን ስትስበው፣ ገና እንዳየሁት አወቅሁት። ቁልቁለቱን ሲሮጥ፣ ሲስቅ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያን ወታደር ሳየው እንደዚያ አጠገቤ መጥቶ አያውቅም።»

ቀነዓ አጥሩን ያዘ። «አይተሽው ዝም አልሽ? አይቼዋለሁ ብትያቸው...»

«ብላት ምን ይሆናል? ቤቱ ሁሉ አላየም። እኔ ካየሁት እናቴ ብቻዋን የልጇን ፊት ያላወቀች እናት ልትሆን ነው። ይህንን ልጨምርላት?»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ለማታውቀው ሰው ሥዕል ሙሉ ገጽ የምትጽፍ ሰው፣ አዴ፣ ላጥፋው ወይ ብለህ አንዲት ቃል መጠየቅ አቃተህ? መንገዱ የሁለት ደቂቃ ነው። እኔ በመስኮቱ ስጠይቅህስ? ጠባሳውን ስነግርህ ፊትህ ተለውጦ ነበር፤ አይቻለሁ።»

«ፈራሁ።»

«እናቴን?»

«አንቺን ማጣት።»

እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ለቀቀችው፣ አልሸሸገችውም።

«እወድሃለሁ፣ ቀነዓ። ደብዳቤ ላይ ለመጻፍ ስድስት ዓመት አፍሬ ነበር፤ እነሆ በአፌ አልኩህ። ልቤን ብቻ ብሰማ ዛሬ ማታ በረዲ መኪና አብሬህ አዲስ አበባ እሄድ ነበር። ያንተ ሥዕል ያለበት ቤት ውስጥ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

«እንግዲያው ነይ! ድርቤ፣ በእግዚአብሔር፣ ነይ። ዳግመኛ ብረት አላነሣም። ሒሱንም እተወዋለሁ፣ ሥዕሉንም...»

«አትተወውም። ብትተወውም አንተ አትሆንም፤ እኔ ደግሞ የምወደው አንተን ነው።» የያዘችውን ጥቅል በአጥሩ ላይ አሻግራ ሰጠችው። «ይህን ውሰድ። አዲስ አበባ ስቀለው። ያመሰግኑሃል፤ ደግ ነው፣ ይገባዋል። የፉፋን ስም ብቻ አትጻፍበት።»

ጥቅሉን ተቀበላት። ከብዶት አያውቅም እንደዚያ ቀን።

«ታዲያ ለምን?» አለ። «ካየሽው፣ ይቅር ካልሽኝ፣ ከወደድሽኝ፣ ለምን?»

ድርቤ ወደ ቤቱ ዞራ አየች። ከውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማል።

«ትናንት ጠዋት እናቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች» አለች። «አገጬን በእጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። ለብዙ ጊዜ ስታየኝ ቆየች። 'ግንባሩ ይኸው፣ ዓይኖቹም እነዚህ ናቸው፣ እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁም?' አለች። ከዚያ 'አካም ቡልቴ፣ ፉፋ ኮ' አለችኝ። ዛሬም እንደዚያው አለችኝ። ነገም ትለኛለች።»

«ድርቤ...»

«ሌላ ፊት አልቀራትም። እኔን ይዘኸኝ ብትሄድ ምን ታያለች?»

ከውስጥ ወይዘሮ ዓባይነሽ ተጣሩ፤ ድምፃቸው ከሦስት ቀን ጩኸት በኋላ ሻክሯል። ድርቤ «አቤት» አለች። እናቷ ያ ፊት ሲያለቅስ ማየት አይችሉም፤ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሯን፣ ዓይኖቿን፣ ጉንጯን ደህና አድርጋ ጠረገች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ተመልሳ ገባች።